ዘውዱ፣ ማይነስ አሥራ አንድ

ጠመኔ የያዘ ሰው ሳይ እስከ ዛሬ ድረስ እግሬን እሰበስባለሁ። አስተማሪ ከሆነ ግድ የለም፤ ሥራው ነው፣ ጽፎ ጽፎ ሲደክመው ራሱ ያጠፋዋል። እኔ የምፈራው አስተማሪ ሳይሆን ጠመኔ የሚይዘውን ነው። እንዲህ ያለው ሰው ጥቁር ሰሌዳ መሐል ለመሐል አስምሮ፣ በአንዱ በኩል የመደመር፣ በሌላው በኩል የመቀነስ ምልክት ካኖረ በኋላ፣ የአዳም ዘር በሙሉ ከሁለቱ በአንዱ ስር ተሰልፎ እንዲቆምለት ይጠብቃል። የአዳም ዘር ደግሞ መሰለፍ አይወድም። ለስኳር ካልሆነ በቀር ማን ይሰለፋል?

ይህን ያነሣሁት ወድጄ አይደለም። ባለፈው ሰሞን አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ፣ ከአጠገቤ ሁለት ሸሚዛቸውን የተኮሱ ሰዎች ቴሌቪዥን ላይ የቅርጫት ኳስ ያያሉ። አንደኛው ስለ አንድ ላቡ በላቡ ስለሆነ ተጫዋች፣ ነጥብስ ያገባል፣ ፕላስ ማይነሱ ሲታይ ግን የማይረባ ነው ብሎ ፈረደ። ጓደኛው በታላቅ አክብሮት ራሱን ነቀነቀ። እኔን ሻዩ ትን አለኝ። እነሱ ትናንት ከውጭ አገር የመጣ እውቀት መስሏቸዋል። እኔ ግን ፕላስ ማይነስን የማውቀው እዚሁ ልደታ፣ በደርግ ጊዜ፣ በተሰነጠቀ አስፋልት ላይ ነው። ያስተማረኝም ጓድ ግዛቸው ነው። ሊያስተምረኝ ባይሞክር በወደድኩ።

ለማያውቀው ሰው ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ተጫዋች ሜዳ ውስጥ እያለ ቡድኑ ያገባው ነጥብ ሁሉ ይደመርለታል፤ ቡድኑ ላይ የገባው ሁሉ ይቀነስበታል። እሱ ያግባው ሌላ ያግባው፣ እሱ ይሳተው ሌላ ይሳተው፣ አይጠየቅም። ሜዳ ውስጥ ነበርክ? ነበርኩ። እንግዲያው ተቀበል። ሲጠቃለል ከዜሮ በላይ ከሆንክ ፕላስ ነህ፣ በታች ከሆንክ ማይነስ። አንድ ቤት ውስጥ ወጥ ሲያር እዚያ የተገኘውን ሰው ሁሉ እኩል መገሠጽ ማለት ነው። እንግዳውም ይገሠጻል፣ ድመቷም ትገሠጻለች።

ጓድ ግዛቸው የቀበሌያችን የስፖርት ኃላፊ ነበር። አሰልጣኛችንም እሱ፣ ሰብሳቢያችንም እሱ፣ ስብሰባ ሲረዝም የምንፈራውም እሱ። አንድ ክረምት ለአጭር ኮርስ ወደ አንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር ተላከና ሲመለስ ወፍራም ኮፍያና ፕላስ ማይነስን ይዞ መጣ። ኮፍያው ለልደታ ፀሐይ እንደማይሆን በሁለተኛው ቀን ገባው። ሌላኛው እንደማይሆን ግን ማን ያስረዳው? ኋላ እንደሰማነው ስልቱን ያየው የቅርጫት ኳስ ላይም አልነበረም። እዚያ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ በዱላ የሚጫወቱት አንድ ጨዋታ አለ አሉ፣ የሚቆጠረው ለእነሱ ነው። ለበረዶ የተሠራ ነገር ነው እንግዲህ እስከ ልደታ ድረስ ሳይቀልጥ የደረሰው።

እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ሲሰማ ያምራል። ጓድ ግዛቸው በመጀመሪያው ቀን ባደረገው ረጅም ንግግር፣ እስከ ዛሬ የምናጨበጭበው ቅርጫት ውስጥ ለሚከት ሰው ብቻ ነው፣ ይህ ደግሞ የግለኝነት ዝንባሌ ነው አለ። ኳስ ነጥቆ ያቀበለው፣ ተቃራኒውን መንገድ የዘጋው፣ ጮሆ ያነቃው ሰው ድካሙ የትም አይጻፍም፤ በአዲሱ ስልት ግን የሰፊው ቡድን ድካም ይታያል አለን። ልክ ነው! እኔ ራሴ ያን ቀን ከልቤ አጨበጨብኩ። ምክንያቱም ከእኛ መካከል እንዲህ ያለ፣ ድካሙ የትም የማይጻፍ ሰው ነበረ። ዘውዱ ይባላል። በቃ፣ የዘውዱ ቀን መጣ አልኩ።

ዘውዱን ላስተዋውቃችሁ። ከእናቱ ከእትዬ አልማዝ ቤት፣ ከቤታችን ግንብ ጀርባ ያደገ፣ አሥራ ሁለተኛ ጨርሶ ሥራ ያጣ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። ስሙም አልረዳውም። ዘውድ በወረደበት ዘመን ዘውዱ ተብሎ መጠራት ምን ያደርጋል? ጓድ ግዛቸው ስም ሲጠራ እሱ ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ዘውዱ ነጥብ አያገባም። አልፎ አልፎ ቢያገባም ራሱ የሚደነግጥ ይመስላል። እሱ ሲገባ ግን አንድ ነገር ይሆናል። የተበተነው ቡድን ይሰበሰባል፤ ያ ሲያቃጥለን የነበረ ተቃራኒ ኳሱን በእጁ ይዞ የሚያደርገው ይጠፋዋል። እኔ እንኳ፣ እጄ የእንጨት ነው እየተባልኩ የምሰደብ ሰው፣ ዘውዱ ከኋላዬ «ግራህን!» ሲለኝ ግራዬ የት እንደሆነ አውቃለሁ። ይህን ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል። ችግሩ ሰሌዳ ዓይን የለውም።

ሰሌዳው የቀበሌው ነው፤ ለመሠረተ ትምህርት ያገለገለ፣ አንድ ጥጉ የተሰበረ። ጨዋታ ሲኖር ጓድ ግዛቸው ከአዳራሹ አስወጥቶ ከሜዳው ዳር ግንቡ ላይ ያስደግፈዋል። በየስማችን ፊት ያገባነውንና የገባብንን በጠመኔ ይጭራል። ከጥቂት ጨዋታዎች በኋላ ደምሮ ቀንሶ ውጤቱን ሲያነብ ሰማይ የተደፋብኝ መሰለኝ። ዘውዱ ማይነስ ነው። ማይነስ ብቻ ሳይሆን ከቡድኑ የመጨረሻው ማይነስ ነው። እኔስ? እኔ ፕላስ ዘጠኝ!

እንዴት ፕላስ ዘጠኝ ልሆን ቻልኩ? እኔ የምገባው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው ቢባል ይቀላል። የምናሸንፍ ከሆነ፣ ተቃራኒው ተስፋ ቆርጦ ጃኬቱን መፈለግ ሲጀምር፣ ጓድ ግዛቸው ወደ እኔ ዞሮ ግባ ይለኛል። እገባለሁ። ጓደኞቼ ያገባሉ። እኔ ኳሱን ላለመንካት እየተጠነቀቅኩ ወዲያ ወዲህ እሮጣለሁ። ሲጠናቀቅ ነጥቡ ሁሉ በስሜ ፊት ተደርድሮ አገኘዋለሁ። እናቴ እንኳ በዚህ ስልት ብትገባ ፕላስ ትወጣ ነበር። የሚገርመው ግን፣ ሰው መቼም ሰው ነው፣ አንድ ሁለት ሳምንት ሰፈር ውስጥ ደረቴን ነፍቼ ሄጃለሁ።

የዘውዱስ? አዘውትረን በምንገጥመው የጌጃ ሰፈር ቡድን ውስጥ አንድ ረጅም ልጅ ነበር፤ ጋራዥ ይሠራል። ከእረፍት በኋላ ሥራው ስለሚጠራው በዘይት የተበላሸ ቱታውን እንደገና ለብሶ ይሄዳል። እስኪሄድ ድረስ ግን አያድርስ ነው። ታዲያ ዘውዱ የሚገባው መቼ መሰላችሁ? ያ ረጅም ሲያነደን ነው። ረጅሙ ወደ ጋራዡ ሲሄድ ዘውዱም ይወጣል፤ የቀረነው በተራፊዎቹ ላይ ፕላስ እንለቅማለን። ባልዲ ይዞ እሳት በተነሣበት ቤት ሁሉ የሚደርሰውን ጎረቤት፣ እሱ ባለበት ሁሉ ይቃጠላል ብሎ መክሰስ ይሏችኋል ይህ ነው።

ይህ እንኳ ሲሆን በእውቀት ማነስ ይታለፋል። የሚያናድደኝ፣ ዛሬም ሳስበው ጆሮዬ ድረስ የሚያግለኝ፣ የጫማው ነገር ነው።

ዘውዱ ጫማ ነበረው። አጎቱ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ አንድ ጊዜ ሲመለስ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ነጭ ሸራ ጫማ አመጣለት። በዚያን ዘመን እንዲህ ያለ ጫማ በሰፈራችን መታየቱ ራሱ ወሬ ነው። አብነት ሰፈር ድረስ ተሰምቷል። ካልሲ አብሮ አልመጣም፤ ዘውዱ በባዶ እግሩ ነው የሚያጠልቀው። ታዲያ አንድ ቀን የፍሬው ጫማ ሶሉ ተገንጥሎ በአፉ መተንፈስ ጀመረ። ፍሬው ነጥብ አግቢያችን ነው፤ መልከ መልካም፣ ሴቶች ከግንብ ላይ ስሙን የሚጠሩለት። እግራቸው አንድ ልክ ነው። ዘውዱ፣ ሳይጠየቅ፣ ለዛሬ ያንተ ይሁን፣ አንተ ጀምር፣ እኔ ስትወጣ እገባለሁ አለው። ያች «ለዛሬ» የሚሏት ቀን ሳታልቅ ወራት ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ በአንድ ጫማ ተጫወቱ። አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል። ሜዳው ጠጠር የበዛበት አስፋልት ነው፤ ዳኛውም በባዶ እግሩ የመጣን ሰው አያስገባም። ቅያሪው እንዲህ ነበር። ዳኛው ያፏጫል። ጓድ ግዛቸው ሰሌዳው ላይ የፍሬውን ዘግቶ የዘውዱን ይከፍታል። ፍሬው እየተንጎማለለ ይወጣል፤ ለተመልካች እጁን ያነሣል፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ላቡን ይጠርጋል፤ ከዚያ እንደ ሙሽራ እግሩን ይዘረጋል። የግራው ክር ሁልጊዜ ይቋጠርበታል። ዘውዱ ተንበርክኮ በጥርሱ ጭምር ይፈታለታል፤ ፈትቶ ያወልቃል፤ አውልቆ ያጠልቃል፤ አጥልቆ ያስራል። ዳኛው ደግሞ ለጫማ ሲባል ጨዋታ አይቆምም ባይ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሜዳው ውስጥ ያለን አራት ሰው ብቻ ነው። የጌጃ ሰፈር ልጆች ይህችን ሰዓት እንደ ደመወዝ ቀን ይጠብቋታል። ክሩ ታስሮ እስኪያልቅ ሁለት ሦስቴ ያገቡብናል።

ሰሌዳው ላይ ግን ዘውዱ ሜዳ ውስጥ ነው! ስሙ ተከፍቷል። ገና አንድ እግሩን እያጠለቀ ያለ ሰው፣ ወንበር ስር ተንበርክኮ፣ ማይነስ ይጠራቀምበታል።

ፍሬው ሲመለስስ? አይ፣ ለፍሬውማ ሌላ ነው። ዘውዱ ከወንበሩ በኩል ምልክት ሲያይ፣ ኳሱ ገና በጨዋታ ላይ እያለ፣ ጫማውን አውልቆ ወደ ዳር ይወረውርለታል። በባዶ እግር መግባትን የከለከለው ዳኛ፣ ገብቶ ያወለቀን የሚከለክል ሕግ አላገኘም። ፍሬው ተደላድሎ ያጠልቃል፣ ክሩን አሳምሮ ያስራል፣ ይንጠራራል። ዘውዱ፣ ዳኛው እስኪያፏጭ ድረስ፣ በዚያ ጠጠር ላይ በባዶ እግሩ ያን ረጅም ልጅ ያባርራል። በዚህ መሐል ከገባብን? የዘውዱ ነው። ዳኛው ሲያፏጭ ፍሬው ክሩን አስሮ፣ ከአምስት አንዱ ሆኖ፣ በንጹሕ ስም ይገባል። ዘውዱ እያነከሰ ይወጣና እግሩን ገልብጦ ያየዋል።

ስለዚህ እስኪ ልጠይቃችሁ፣ ያ ሰሌዳ የቆጠረው ምንድን ነው? የዘውዱን ችሎታ? የፍሬውን? እኔ እስከሚገባኝ የቆጠረው የአንድ ጫማ ክር ለመፍታት የሚወስደውን ጊዜ ነው። ደግነትንም ቆጥሯል ካላችሁ እስማማለሁ፤ ቆጥሮ ግን ማይነስ ስር ነው ያስገባው።

እስከዚህ ድረስ ቢቀር ስቀን በተለያየን። ዘውዱ ራሱ ዛሬ ሲያወራው ይስቃል፤ እኔ ነኝ የማልስቀው። ነገሩ የከረረው ከአንድ ፋብሪካ ሰው ሲመጣ ነው። ፋብሪካው የቅርጫት ኳስ ቡድን እያጠናከረ ስለሆነ፣ ከእናንተ አንድ ጥሩ ተጫዋች ምረጡና ላኩልን፣ ቀጥረን እናጫውተዋለን አለ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የዛሬ ልጅ ላይገባው ይችላል። ደመወዝ ማለት ነው፣ ምሳ ማለት ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ መታወቂያ ማለት ነው። የፋብሪካ መታወቂያ በኪሱ ያለው ወጣት የብሔራዊ ውትድርና ኮታ ሲመጣ ቤቱ ይተኛል። ሥራ የሌለውን ግን ቀበሌው ስሙንም፣ ቤቱንም፣ የሚተኛበትን ጎንም ያውቃል። ፍሬው ለዚህ ብዙ አይጨነቅም፤ አባቱ የእህል ወፍጮ ነበራቸው፣ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሠራተኛ ተብሎ ተመዝግቧል። ዘውዱ ግን ያ ፋብሪካ ካመለጠው ቀጣዩ ጥሪ የሱ ነው። እትዬ አልማዝ ሌላ ልጅ የላቸውም።

እትዬ አልማዝ ያን ሰሞን በራችን ላይ ጠሩኝ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ድምፃቸውን ቀንሰው፣ አንተ ልጅ፣ ልጄን ማይነስ ነው ይሉታል፣ ይሄ ማይነስ የሚባለው በሽታ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። በሽታ አለመሆኑን ነግሬ አስረዳኋቸው። ጫማውንም፣ ክሩንም፣ ሰሌዳውንም። ሰሙኝና፣ እና ጫማው የማን ነው አሉኝ። የዘውዱ ነው አልኳቸው። «ታዲያ የሰጠ ሰው ይቀነስበታል እንጂ ይጨመርለታል እንዴ!» ብለው እየተቆጡ ገቡ። የተቆጡት በማን ላይ እንደሆነ እኔም አልጠየቅኩ፣ እሳቸውም አልነገሩኝ።

ምርጫው በስብሰባ ሆነ። ጓድ ግዛቸው ሰሌዳውን ከፊታችን አቁሞ፣ በሳይንስ የተመራ ምርጫ ስለሆነ አድልዎ የለበትም፣ ማንም ዘመድ ማንም ጠላት አይደለም አለ። ከዚያ አነበበ። ፍሬው ከሁሉ በላይ ፕላስ። ዘውዱ ማይነስ አሥራ አንድ። ሲያነበው ዘውዱን በሐዘኔታ አየው፤ ሐኪም የማይድን በሽተኛ እንደሚያይ።

እጄን አነሣሁ። ጓድ ግዛቸው ይፍቀዱልኝና አንድ ጥያቄ አለኝ አልኩ። ፈቀደ። የጫማውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። ልጆቹ ሁሉ የሚያውቁት ስለሆነ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡኝ። ፍሬው እንኳ፣ ይመስገን፣ መሬት መሬት አየ። ጓድ ግዛቸው ግን ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ይህ ሰበብ ፈላጊነት ነው አለኝ፤ ንቁ ተጫዋች የጫማ እስረኛ አይሆንም አለኝ። ልብ አድርጉልኝ! በየሳምንቱ ሐሙስ ስለ ቁስ አካላዊነት የሚያስተምረን፣ ሁሉ ነገር ከቁስ ይመነጫል እያለ እንቅልፋችንን የሚቀማን ሰው ነው። ከቁስ ሁሉ ቁስ የሆነውን ጫማ ፊቱ ላይ ስናቀርብለት የመንፈስ ሰው ሆኖ ቁጭ አለ።

እኔም ተናደድኩና ምላሴ አመለጠኝ። እንግዲያውስ ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው ሳይቀየር የተጫወተ ጫማው ብቻ ስለሆነ፣ ፋብሪካው ጫማውን ይቅጠረው አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲያልቅ ግለ ሂስ እንዳደርግ ታዘዝኩ። አደረግኩ፤ በተቋማት ላይ መቀለዴ ልክ እንዳልነበረ አመንኩ። የትኛው ተቋም እንደሆነ አልተነገረኝም፤ ጫማው ይሆናል ብዬ ገመትኩ።

 ዘውዱ ሲጠየቅ ውሳኔውን እንደሚቀበል ተናገረ።  

ፍሬው ፋብሪካው ሊፈትነው ሲጠራው ዘውዱ ቤት መጣ። ለፈተናው ብቻ ነው፣ እዚያ ሲቀጥሩኝ የራሴን ይሰጡኛል፣ በማግስቱ አመጣልሃለሁ አለው። ዘውዱ ጫማውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ሰጠው። እኔ እዚያ ነበርኩ፤ ዓይኔን አፍጥጬ አትስጥ፣ አትስጥ እለዋለሁ። ኋላ ለምን ሰጠኸው ብዬ ስጮህበት፣ ታዲያ በባዶ እግሩ ይሂድ እንዴ ብሎ እኔን መልሶ ጠየቀኝ። ፍሬው ተፈተነ፣ ተቀጠረ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ምቾት ላይ ቶሎ የሚረሳ ሰው ነበር። ማግስቱ ሳምንት፣ ሳምንቱ ወር ሆነ። አንድ ጊዜ አብነት አካባቢ ሲያልፍ አይቼው ስለ ጫማው ባነሣበት፣ ወይ ጉድ፣ ነገ አመጣዋለሁ እኮ አለኝ። ዛሬም ድረስ ያች ነገ አልመጣችም።

የቀረውን የውድድር ጊዜ ዘውዱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጨረሰው። ጫማ የለውም፤ ዳኛው አያስገባውም። ፍሬው የለ፣ ዘውዱ የለ፣ ቡድናችን የመጣው ሁሉ የሚረግጠው ሆነ። ተጫዋች ስላጠረ እኔ ከመጀመሪያው ጀምሬ እንድገባ ተደረግኩ። ፕላስ ዘጠኜ በአንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተነነ፤ ከዚያም ወደ ታች እስከ የት እንደወረድኩ ለመጻፍ ጠመኔው አነሰ። ያ ጋራዥ የሚሠራ ልጅ በራሴ ላይ እየዘለለ ሲያገባ፣ ዘውዱ ከወንበሩ ሆኖ ግራህን፣ ግራህን ይለኛል። እሰማዋለሁ። ያ ጩኸት ስንት ጊዜ እንደጠቀመኝ ደግሞ ማንም አልቆጠረውም፤ ወንበር ላይ ያለ ሰው አይቆጠርም።

የውድድሩ ማብቂያ ሲደርስ መዝጊያ ስብሰባ ተጠራ። ሰሌዳው እንደተለመደው ከፊት ቆሟል። ጓድ ግዛቸው የሁላችንንም ማይነስ አንድ በአንድ አንብቦ ወቀሰን። ከዚያ ፊቱ በራ። በመካከላችን ግን፣ አለ፣ የተሰጠውን ሂስ ተቀብሎ ራሱን ያረመ አንድ ጓድ አለ። በመጀመሪያው አጋማሽ ማይነስ አሥራ አንድ የነበረ፣ በሁለተኛው አጋማሽ አንድም ነጥብ ያልገባበት! እነሆ፣ ዜሮ! ከቡድኑ ሁሉ የተሻለ ውጤት! እንዲህ ብሎ ጠመኔውን ወደ ዘውዱ ስም ቀሰረ። ትልቅ፣ ክብ፣ የሚያምር ዜሮ ነው የተጻፈለት። አጨብጭቡ ተባልን፤ አጨበጨብን።

ከፍተኛ መሻሻል ያሳየ ተጫዋች ተብሎ ዘውዱ ወደ ፊት ወጣ። ጓድ ግዛቸው ሽልማቱን ከቀበሌው ሱቅ አስመጥቶ በጋዜጣ ጠቅልሎታል። ለካ አሰልጣኝ ሆኖ ቆሞ ሲያይ፣ ልጁ ያለ ካልሲ እንደሚጫወት አስተውሎ ኖሯል። ጫማውን ያላየ ዓይን ካልሲውን አየ! ጋዜጣው ሲፈታ አንድ ጥንድ ካልሲ፣ አረንጓዴ፣ አዲስ። ዘውዱ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለና ጎንበስ ብሎ አመሰገነ። ሸበጥ አድርጎ ስለነበር እግሩን ሁላችንም እናየው ነበር።

በሚቀጥለው ክረምት የብሔራዊ ውትድርናው ኮታ ለየቀበሌው መጣ። የኛ ቀበሌ የጎደለውን እስኪሞላ ድረስ ጓድ ግዛቸው ቤት ለቤት ዞረ። ወጣቶቹ በጠዋት ቀበሌው ግቢ ተሰበሰቡ፤ እናቶች ከአጥሩ ውጭ ቆመዋል። እትዬ አልማዝ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አጥሩን ሙጭጭ ብለዋል፤ እኔ ገና ተማሪ ስለሆንኩ ኮታው አልነካኝም፤ ከአጠገባቸው ቆሜያለሁ። ዘውዱ ያን አረንጓዴ ካልሲ አድርጎ፣ በላዩ ሸበጡን ተጫምቶ መጣ። ጓድ ግዛቸው ያንኑ ሰሌዳ አስወጥቶ ግንቡ ላይ አስደግፎታል፤ መሐል ለመሐል አስምሮ በአንድ በኩል የጎደለውን፣ በሌላ በኩል የተገኘውን ይጽፋል። ስም ጠራ። ዘውዱ ጋ ሲደርስ ዛሬ ድምፁን ዝቅ አላደረገም። ዘውዱ አቤት አለ። ጓድ ግዛቸው ጠመኔውን አነሣና፣ ያንን ሁሉ ወራት ሲቀንሰው የኖረውን ልጅ፣ ፕላስ ስር ጻፈው።